ስምንት ቀን ለቀራት ተፈታኝ፦ የአይልትስ ፈተና ቀን እንዴት ይዋላል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። ሀዋሳ የምኖር የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ለሁለተኛ ዲግሪ ውጭ አገር ለመማር በእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተናው በአይልትስ አካዳሚክ 6.5 ያስፈልገኛል፤ በየትኛውም ክፍል ከ6 በታች እንዳይሆንም ተነግሮኛል። ባለፈው ዓመት በወረቀት ተፈትኜ በማዳመጥ 6.5፣ በንባብ 6፣ በጽሑፍ 5.5፣ በንግግር 6፣ በጠቅላላው 6 አገኘሁ። ያን ቀን ስሮጥ ደርሼ ልቤ ሳይረጋጋ ማዳመጡ ተጀመረ፤ ሁለተኛውን ድርሰት ሳልጨርስ ሰዓቱ አለቀ፤ በንግግሩም ፈታኙን ሳየው አንደበቴ ተሳሰረ። አሁን አዲስ አበባ ላይ በኮምፒውተር ለመፈተን ተመዝግቤያለሁ። ፈተናው ቅዳሜ ነው፤ ስምንት ቀን ቀርቶኛል፤ ዐቢይ ጾምም ነው። በእነዚህ ቀናትና በዕለቱ ምን ላድርግ? ታናሽ እህትዎ።

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ ሒሳቡን አብረን እንሥራ፤ ፍርሃትሽ ከሒሳቡ የበለጠ ይመስለኛል። ጠቅላላ ነጥብ የአራቱ ክፍሎች አማካይ ነው። አማካዩ ወደሚቀርበው ግማሽ ነጥብ ይጠጋጋል፤ ልክ ሩብ ላይ ሲያርፍ ደግሞ ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ አማካዩ 6.25 የሆነለት ሰው የሚጻፍለት 6.5 ነው። የአራቱ ነጥቦችሽ ድምር 24 ነበር። 25 ብታደርሺው ለአራት ሲካፈል 6.25 ይሆናል፤ ደረስሽ ማለት ነው። የጎደለሽ አንድ ነጥብ ብቻ ነው። ግማሹ የግድ ከጽሑፍ መምጣት አለበት፤ ሌላው ግማሽ ከየትኛውም ክፍል ቢመጣ ችግር የለውም። በማዳመጥም በንባብም 40 ጥያቄ አለ፤ 6 ለማግኘት 23 ገደማ፣ 7 ለማግኘት 30 ገደማ በትክክል መመለስ ያስፈልጋል። እንግዲህ ግማሽ ነጥብ ማለት ሦስት ወይም አራት ጥያቄ ነው።

ይህን ያስቀደምሁት ምን እንደምንጠብቅ እንድታውቂ ነው። በስምንት ቀን እንግሊዝኛሽ ብዙም አያድግም። ሦስት አራት ጥያቄ ግን በድካም፣ በድንጋጤ፣ ሥርዓቱን ባለማወቅ በአንድ ጠዋት ሲፈስ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። የማውቀው የሚችሉትን አጥተው የሚወጡ ሰዎችን ነው፤ ያሳዝነኛልም። ከዚህ በታች የምጽፍልሽ ሁሉ ያለሽ እንዳይፈስ ለመጠበቅ ነው።

ዛሬውኑ ፓስፖርትሽን አውጥተሽ ከምዝገባሽ ጋር አስተያዪው። በፈተናው ቀን የሚጠየቀው በምዝገባው ላይ ቁጥሩን ያስገባሽበት ያው ፓስፖርት ነው፤ ፎቶ ኮፒ አይሠራም፤ ጊዜው ያለፈበትም አይሠራም። ከተመዘገብሽ ወዲህ አሳድሰሽ ከሆነ ቁጥሩ ተለውጧልና ለፈተና ማዕከሉ አሁኑኑ አሳውቂ። ስምሽንም ፊደል በፊደል ተመልከቺ። የእኛ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ መልኩ ብዙ ነው፤ ‹ፀሐይ› የሚለውን ብቻ አምስት ሰው በአምስት ዓይነት ይጽፈዋል። ዲግሪሽ ላይ እንዴት እንደተጻፈ እዚህ ቦታ የለውም፤ ገዢው ፓስፖርቱ ነው። የትውልድ ቀንሽም እንደዚሁ ፓስፖርቱ ላይ ባለው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አረጋግጪ።

ቀጥሎ ሰዓቱ። ለብዙ ሰው ትንሽ ነገር ይመስላል፤ እኔ ግን አንድ ጎበዝ ተማሪዬ ሙሉ ክፍያውን ያጣው በዚህ ነው። የንግግር ቀጠሮው 10፡20 ይል ነበር። እርሱ ከቀኑ 10፡20 መስሎት ከሰዓት በኋላ ተረጋግቶ ሄደ፤ ፈታኙ የጠበቀው ግን ከጠዋቱ 4፡20 ላይ ነበር። በፈተና ወረቀት ላይ የሚጻፈው ሰዓት በእኛ አቆጣጠር አይደለም። ከተጻፈው ላይ ስድስት ቀንሺ፤ 9፡00 ካለ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው፤ 14፡20 ካለ ከቀኑ 8፡20 ነው። የጽሑፉንና የንግግሩን ቀጠሮ ለየብቻ እዪ፤ ንግግሩ በዚያው ቀን ሊሆን ይችላል፤ ከዋናው ፈተና በፊት ወይም በኋላ ባሉት ሰባት ቀናት ውስጥም ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም በእኛ ሰዓት ገልብጠሽ በወረቀት ጻፊና ለአንድ የቤተሰብ ሰው ስጪ።

ከሀዋሳ አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዓርብ ተነሥቶ ቅዳሜ ጠዋት መፈተን ይቻላል፤ እኔ ግን ሐሙስ ግቢ እላለሁ። መኪና ቢበላሽ፣ መንገድ ቢዘጋ፣ ዝናብ ቢያዘገይሽ ዓርብ ሙሉ ቀን መጠባበቂያ ይሆንሻል። ዓርብ ጠዋት፣ ቅዳሜ በምትሄጂበት በዚያው ሰዓት፣ ከምታርፊበት ተነሥተሽ እስከ ፈተናው በር ድረስ ሂጂ። በሩን፣ ጥበቃው የቆመበትን፣ መንገዱ ላይ የሚጠፋውን ጊዜ በዓይንሽ እዪው። ዘመድ ቤት ካረፍሽ ደግሞ አንድ ነገር አደራ እልሻለሁ። ከክፍለ ሀገር የመጣን እንግዳ ሳያጫውቱ ማስተኛት በእኛ ባህል ነውር ነው፤ ቡና ይፈላል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ ሌሊቱ ይጋመሳል። ገና ስትገቢ ‹ቅዳሜ ከፈተና በኋላ አብረን እናመሻለን፤ ዓርብ ግን በጊዜ ልተኛ› ብለሽ ንገሪያቸው፤ ይገባቸዋል። ሆቴል ከሆነ ከመንገዱና ከጭፈራ ቤቱ ራቅ ያለ፣ ወደ ጓሮ የሚያይ ክፍል ጠይቂ።

ጾሙን በተመለከተ፣ እኔ የቋንቋ መምህር እንጂ የነፍስ አባት አይደለሁም፤ ዝርዝሩን የንስሐ አባትሽን ጠይቂ። በሥርዓታችን ግን ከቀዳም ሥዑር በቀር ቅዳሜ ከእህል ተከልክሎ የሚቆይበት ቀን አይደለም፤ ስለዚህ በጠዋት የጾም ምግብ ልትበዪ ትችያለሽ። ማዳመጥ፣ ንባብና ጽሑፍ ያለ እረፍት ተከታትለው የሚሰጡ ናቸው፤ ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ያህል ይወስዳሉ። የመታወቂያ ማጣሪያው፣ ፎቶውና የጣት አሻራው ሲጨመር ከአራት ሰዓት በላይ በባዶ ሆድ ልትቆዪ ነው። የሽሮ ፍርፍር፣ ዳቦ በለውዝ ቅቤ፣ ሙዝ፣ ሆድሽ የለመደውን ብዪ፤ አዲስ ምግብ በዚያ ቀን አትሞክሪ። ቡና የለመድሽ ከሆነ አንድ ስኒ ይበቃል። ቶናውና በረካው ለማታ ይቆዩ፤ መጸዳጃ ቤት መሄድ ቢፈቀድም ሰዓቱ አይቆምልሽም።

የምትይዢው ትንሽ ነው፤ ፓስፖርትሽንና ላዩ ላይ ጽሑፍ የሌለበት ብርሃን አሳላፊ የውኃ ጠርሙስ። ስልክ፣ የእጅ ሰዓት፣ ቦርሳ ወደ ክፍሉ አይገቡም። ስልክሽን አጥፊው፤ ድምፁን መዝጋት ብቻ አይበቃም። የቀረሽ ጊዜ ስክሪኑ ላይ ይታያል። ቢያንስ አንድ ሰዓት ቀድመሽ ድረሺ፤ በሩ ከተዘጋ በኋላ ለመጣ ሰው ልመና አይረዳውም። ባለፈው ዓመት ሮጠሽ ደርሰሽ በማዳመጡ መጀመሪያ ላይ የጠፋሽ ጥያቄ ምናልባት ያ የምንፈልገው ግማሽ ነጥብ ነበር።

አሁን ወደ ክፍሉ እንግባ። የጆሮ ማዳመጫውን አድርገሽ ድምፁን ሲያስሞክሩሽ በይሉኝታ ‹ደህና ነው› ብለሽ አትለፊው። ዝቅ ካለ፣ አንዱ ጆሮ ካልሠራ፣ እጅሽን አንሥተሽ ተናገሪ። ቅጂው የሚሰማው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከተጀመረ በኋላ የሚመጣ አቤቱታ የጠፋውን አይመልስም። በወረቀት ስትፈተኚ መልስ ለመገልበጥ 10 ደቂቃ ነበረሽ፤ በኮምፒውተር ግን እየሰማሽ በቀጥታ ትጽፊያለሽ፤ በመጨረሻ ማረሚያ የሚሰጥሽ 2 ደቂቃ ብቻ ነው።

በማዳመጥ አማርኛ ተናጋሪን የሚጥሉ ሁለት ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛው ያው ሰዓት ነው። በእንግሊዝኛ ‹ሰባት ተኩል› ሲባል ስትሰሚ አእምሮሽ ሳያስፈቅድሽ ወደ አንድ ተኩል ይቀይረዋል፤ በዚያ ቅጽበት ቀጣዩ መልስ ያልፍሻል። የሰማሽውን ቁጥር እንዳለ ጻፊ። ሁለተኛው ስም በፊደል ሲነገር ነው፤ ‹ኢ› እና ‹አይ›፣ ‹ጂ› እና ‹ጄይ› ይምታቱብናል። እነዚህን አራት ፊደላት ብቻ ለይተሽ በየቀኑ ለአምስት ደቂቃ እኅትሽ ወይም ጓደኛሽ እያነበበችልሽ ጻፊ። ሦስተኛው 13 እና 30፣ 15 እና 50 ዓይነቶቹ ናቸው፤ የድምፁ ክብደት በቃሉ መጨረሻ ላይ ከወደቀ ‹አሥራ› ነው፤ መጀመሪያው ላይ ከወደቀ አሥሮቹ ናቸው። ‹ከሁለት ቃል ያልበለጠ› የሚል መመሪያ ካለ ሦስት ቃል የጻፈ ሰው፣ መልሱን ቢያውቀውም እንኳ፣ አያገኝም። አንድ መልስ ካመለጠሽ ተዪው፤ አንዱን ስታሳድጂ ሦስት ይሄዳል።

ንባቡ 60 ደቂቃና ሦስት ጽሑፍ ነው፤ ወደ መጨረሻው እየከበደ ስለሚሄድ እኩል 20 ደቂቃ ከምትከፋፍይው ለመጀመሪያው 17፣ ለመጨረሻው 23 ብትሰጪ ይሻላል። የተሳሳተ መልስ ነጥብ አያስቀንስምና ባዶ ቦታ አትተዪ። ለአንቺ በተለይ የምሰጋው ግን ሙያሽን ነው። ጽሑፉ ስለ ወባ ወይም ስለ ደም ምርመራ ቢሆን ደስ ይልሽ ይሆናል፤ አደጋውም እዚያው ነው። ‹እውነት፣ ሐሰት፣ አልተጠቀሰም› የሚለው ጥያቄ የሚጠይቅሽ ጽሑፉ ያለውን ነው፤ አንቺ ከማይክሮስኮፕ ሥር ያየሽውን አይደለም። በሙያሽ እውነት መሆኑን የምታውቂው ነገር ጽሑፉ ውስጥ ከሌለ መልሱ ‹አልተጠቀሰም› ነው። ሐኪሞችም ነርሶችም እዚህ ላይ ሲሳሳቱ አይቻለሁ፤ ባለማወቅ አይደለም፣ አብዝቶ በማወቅ ነው።

የጽሑፉ ክፍል ላይ ጠለቅ ልበል፤ ያንቺ ነገር የሚወሰነው እዚህ ነው። 60 ደቂቃ፣ ሁለት ሥራ፤ የመጀመሪያው ግራፍ መግለጽ ነው፣ ቢያንስ 150 ቃል፤ ሁለተኛው ድርሰት ነው፣ ቢያንስ 250 ቃል። ሁለተኛው የመጀመሪያውን እጥፍ ይመዝናል። አንቺ ግን ባለፈው ዓመት ያልጨረስሽው ይህንኑ ነው፤ ስለዚህ ከሁለተኛው ጀምሪ። በኮምፒውተር ከአንዱ ወደ ሌላው መመላለስ ይቻላል፤ ቅደም ተከተሉን የሚያስገድድሽ የለም። በቅደም ተከተል መሥራት ይሻላል የሚሉ መምህራን አሉ፤ የተለማመዱትን አልቃወምም። በግራፍ ላይ 30 ደቂቃ ለሚያጠፋ ሰው ግን ከባዱን ማስቀደም ይበጃል። ሰዓቱ 20 ደቂቃ ቀርቶታል ሲል ድርሰቱ የትም ይድረስ የትም፣ መደምደሚያ ሁለት ዓረፍተ ነገር ጽፈሽ ወደ ግራፉ እለፊ።

ግራፉ ላይ ደግሞ በ5 እና በ6 መካከል ካሉት ልዩነቶች ትልቁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታያል፤ ጠቅላላውን የሚያሳየው ዓረፍተ ነገር ነው። ቁጥሮቹን አንድ በአንድ የዘረዘረ፣ ግን ‹በአጠቃላይ ይህኛው አደገ፣ ያኛው ቀነሰ› ብሎ ዋናውን መልክ ያላወጣ ጽሑፍ በመመዘኛው 6 ላይ መድረስ ይቸግረዋል። መግቢያውን እንደጨረስሽ፣ ዝርዝር ሳትገቢ፣ ይህን ዓረፍተ ነገር ጻፊ። ለምን እንደሆነ አታብራሪ፤ የሚጠየቀው የሚታየው ብቻ ነው።

የመጨረሻዎቹን አራት ደቂቃዎች ለማረም ጠብቂያቸው። ኮምፒውተሩ ቃል ይቆጥርልሻል እንጂ ስሕተት አያርምልሽም። ሁሉንም ለማየት ጊዜ የለም፤ አማርኛችን የሚያሳስተንን ብቻ ፈልጊ። እኛ ‹ሦስት ተማሪ› ብንል ቁጥሩ ብዛቱን ነግሮናልና ስሙን ማብዛት አያስፈልገንም፤ እንግሊዝኛው ግን ከቁጥር በኋላ ‹ኤስ› ይፈልጋል። እኛ ‹ሕዝቡ ተቃወመ› ብለን በነጠላ እናስረዋለን፤ እንግሊዝኛው ‹ፒፕል› ግን በብዙ ቁጥር ነው የሚታሰረው፤ ‹ፒፕል ኢዝ› ብለሽ ከጻፍሽ አርሚው። ‹መረጃዎች› እና ‹ምክሮች› በአማርኛ ትክክል ናቸው፤ በእንግሊዝኛ ግን ሁለቱም አይበዙም። በእኛ ግሥ ውስጥ ባለቤቱ ተሸሽጎ ይኖራል፤ ‹ከባድ ነው› ብለን እንጨርሳለን። በእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገሩ ያለ ‹ኢት› ራስ የለውም። እነዚህን አራቱን ብቻ እያሰብሽ ከላይ እስከ ታች አንብቢ።

ከፈተናው በፊት ባሉት ቀናት ሦስት ጊዜ፣ ነገ፣ ሰኞና ማክሰኞ፣ ሙሉ 60 ደቂቃ ሰጥተሽ በኮምፒውተር ጻፊ። በስልክ መለማመድ አይቆጠርም፤ ጣቶችሽ እውነተኛውን የፊደል ገበታ መልመድ አለባቸው። ረቡዕ የጻፍሽውን አንብበሽ አርሚ፤ ሐሙስ መንገድ ነሽ፤ ዓርብ ምንም አዲስ ነገር አትሥሪ።

በዚህ ሳምንት በቴሌግራም ‹የቅዳሜው ጥያቄ እጃችን ገብቷል› የሚሉ ሰዎች ይደርሱሻል። እህቴ፣ አንዲት ሳንቲም እንዳትከፍይ። ብዙውን ጊዜ የሚሸጡት የቆየ መለማመጃ ነው። የተሸመደደ ድርሰትም እንዲሁ ነው፤ ፈታኞች ሸምድዶ የመጣን ሰው ለመለየት የሠለጠኑ ናቸው፤ ከጥያቄው ጋር የማይገጥም ያማረ መግቢያ ካንቺ ከራስሽ ደካማ መግቢያ ያነሰ ነው የሚያስገኘው።

የቀረው ንግግሩ ነው። ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ይቆያል፤ ሦስት ክፍል አለው፤ ሁሉም ይቀዳል። አንደበትሽ ለምን እንደተሳሰረ ይመስለኛል የማውቀው። እኛ የተማርነው ትልቅ ሰው ፊት ድምፅ ዝቅ አድርጎ፣ ዓይን ሰብሮ፣ በአጭሩ መልሶ ዝም ማለትን ነው። ይህ አስተዳደግሽ ነው፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ፈታኙ ግን የሚመዝነው የሰማውን ብቻ ነው፤ በአክብሮት ዝም ያልሽውን ሊመዝነው አይችልም። ‹የት ነው የምትኖሪው?› ሲልሽ ‹ሀዋሳ› ብለሽ አትቁሚ፤ ሐይቁን፣ ጠዋት ዓሣ የሚሸጥበትን፣ ለምን እንደምትወጂው ጨምሪ። ሁለት ወይም ሦስት ዓረፍተ ነገር ለመጀመሪያው ክፍል ጥያቄ ሁሉ ልክ ነው።

አንድ ሌላ የእኛ ልማድ አለ። ‹አዎ› ለማለት ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ስበን እንተወዋለን። ለእኛ ሙሉ መልስ ነው፤ ለማያውቀው ሰው የመደንገጥ ድምፅ ነው፤ በቅጂው ላይ ደግሞ ምንም ነው። ይህን ሳምንት ከቤተሰብሽ ጋር ስትነጋገሪ ራስሽን አዳምጪና ቃሉን አውጥተሽ መናገር ልመጂ።

በሁለተኛው ክፍል ካርድ ይሰጥሻል፤ አንድ ደቂቃ ትዘጋጂያለሽ፤ ከዚያ እስከ ሁለት ደቂቃ ብቻሽን ትናገሪያለሽ። በዚያች ደቂቃ ዓረፍተ ነገር አትጻፊ፤ አምስት ስድስት ቃል ብቻ አስቀምጪ። ታሪኩ እውነት ይሁን አይሁን ማንም አይመረምርም፤ ቋንቋው ነው የሚታየው። ስለ በዓል ከተጠየቅሽና ‹ዶሮ ወጥ› ካልሽ ቃሉን እንዳለ ተናገሪና ምን እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስረጂ፤ የእንግሊዝኛ ምትክ ስትፈልጊ ጊዜሽ አይለቅ። ፈታኙ መሃል ላይ ቢያቋርጥሽ ሁለት ደቂቃሽ ሞልቶ ነው፤ ተቆጥቶ አይደለም። ፊቱም ላይ ነጥብ አትፈልጊ። ‹ጎበዝ› አይልሽም፣ ራሱን አይነቀንቅልሽም፤ ለሁሉም ተፈታኝ እኩል እንዲሆን የታዘዘው እንዲህ ነው። እኛ ቀዝቃዛ ፊት ስናይ ያስቀየምነው ይመስለናል፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ግን ትርጉም የለውም። ጥያቄው ካልገባሽ እንዲደግምልሽ ጠይቂ፤ ይፈቀዳል።

ንግግሩ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ከሆነ፣ ከጽሑፉ ስትወጪ በር ላይ የተሰበሰቡት ሰዎች ስለ መልሶቹ ይከራከራሉ። ‹የ27ኛው መልስ ምን ነበር?› የሚሉትን ሰምተሽ እለፊያቸው። ራቅ ወዳለ ካፌ ሄደሽ ምሳሽን ብዪ፤ ከዚያ ስልክሽን አውጥተሽ እንግሊዝኛ ለሚችል ጓደኛ ደውይና ስለ ማንኛውም ነገር፣ ስለ መንገዱም ሆነ ስለ አየሩ፣ አሥር ደቂቃ በእንግሊዝኛ አውሪ። ጉሮሮሽ ተከፍቶ፣ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ ለምደሽ ትገቢያለሽ። ከቀጠሮሽ ግማሽ ሰዓት ቀድመሽ በሩ ላይ ሁኚ፤ ፓስፖርትሽን ድጋሚ ያዩታልና ከምሳው ጠረጴዛ ላይ እንዳትረሺው።